ከከሰርኩ በኋላ ባንክ ድጋሚ ያበድረኛል? ያለፋችሁበት ንገሩኝ

ኩሽኔታ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሶማሌ ተራ 11 ዓመት መለዋወጫ ሸጫለሁ። ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ። መጨረሻ ላይ ራሴ አስመጪ ሆንኩ። ጉድ የሆንኩትም ያኔ ነው። ዕቃ በአቅራቢ ዱቤ አስገባሁ፤ ዕቃው መጀመሪያ ይመጣል፣ ዶላሩ ከ6 ወር በኋላ ይከፈላል። አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ በነበረበት ሂሳብ ዋጋ አውጥቼ ሸጥኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሱቅ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተፈቀደ ሲባል ሰማሁ። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃው ተሽጦ አልቋል። ብሩ ባንክ አለ። ግን ያ ብር የዕዳዬን ግማሽ ዶላር ነበር የሚገዛው።

ቀዳዳውን ልድፈን ብዬ ኦቨር ድራፍቴን፣ ከሂሳቤ በላይ እንዳወጣ ባንኩ የፈቀደልኝን ብድር፣ እስከ ጥጉ ሳብኩት። መያዣው ቤቴ ነበር። ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። ተሽጦም 870 ሺህ ብር ቀረብኝ።

አሁን ኮልፌ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ የሰው ሱቅ ውስጥ በኮሚሽን እሠራለሁ። አንድ ጓደኛዬ የሱቁን ግማሽ መደርደሪያ ሊለቅልኝ ፈቃደኛ ነው። 600 ሺህ ባገኝ እነሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ባንክ ገባሁ። ልጁ ቲን ቁጥሬን አስገባ። ስክሪኑን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «ጋሼ አንዴ፣ ሥራ አስኪያጇን ላናግር» ብሎ ሄደ። 20 ደቂቃ ቆየ። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ላይ አይመችም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ባንክ ሞከርኩ። መልሱ አንድ ነው።

ጥያቄዬ፣ ስሜ የሚጸዳበት ቀን አለ ወይ? ከዚህ በኋላ ብድር ያገኘ ሰው ታውቃላችሁ?

አራዳው፦
ወንድሜ በባለቤትህ ስም ንግድ ፈቃድ ማውጣት ነው። አዲስ ቲን፣ አዲስ ባንክ፣ አለቀ። ዕዳው ገብስ ነው።

ልደታ_ደረጃ፦
አራዳው፣ ገብስ አይደለም። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ፊርማ መያዣ አይሆንም። ስለዚህ ባለቤቱ ባንክ ሄዳ ፈርማለች። የፈረመችው በዋስነትም ከሆነ እሷም እንደሱ ባለዕዳ ናት። ዕዳ እያለ ንብረትን ወደ ዘመድ ማሸሽ ደግሞ ባለገንዘቡ፣ ማለትም ዕዳ የሚጠይቀው፣ በፍርድ ቤት ሊያስፈርሰው ይችላል። ማጭበርበር ከተገኘበት ወደ ወንጀል ይሄዳል። ልደታ ፍርድ ቤት ስመላለስ ይህን ብልሃት የሞከሩ ሰዎች አይቻለሁ። አብዛኞቹ ዕዳቸው ላይ የጠበቃ ሂሳብ ጨመሩ እንጂ ሌላ አልተረፋቸውም። (እኔም ጠበቃ ነኝ፣ ስለዚህ በራሴ ገበያ ላይ ነው የምናገረው።)

አሁን ለኩሽኔታ። «ከሰርኩ» ያልከው በሰፈር ቋንቋ ነው። በሕግ ኪሳራ ማለት ፍርድ ቤት የሚወስነው ነገር ነው። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አዲሱ ንግድ ሕግ ነው። እዚያ ውስጥ ነጋዴ ክፍያ ሳያቆም በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር በፍርድ ቤት ጥላ ሥር የሚደራደርበት መንገድ አለ። ድርጅትን መልሶ ማደራጀት አለ። ኪሳራ የመጨረሻው ነው። አንተ ሐምሌ ላይ ጠበቃ ብታማክር ኖሮ ምናልባት የመጀመሪያው ይሆንልህ ነበር። አሁን አልፏል፣ ልወቅስህ አይደለም።

አንተ በዚህ አላለፍክም። ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሸጦታል። ለዚህ የፍርድ ቤት ውሳኔ አያስፈልገውም። ቤቱ ሄደ ማለት ግን ዕዳው ሄደ ማለት አይደለም። የቀረው 870 ሺህ ሕያው ነው። 10 ዓመት ካለፈ ዕዳ በክስ አይጠየቅም፣ ይርጋ ነው፣ ዝም ብለህ ጠብቅ የሚሉህ ይኖራሉ። አትስማቸው። ባንኩ ከከሰሰህ ወይም አንተ ዕዳውን አምነህ ከፈረምክ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የሰጠኸው ቼክ አለ?

ኩሽኔታ፦
ቼክ የለብኝም፣ ተመስገን። ባለቤቴ ፈርማለች። ሐራጁ አዲስ ዘመን ላይ የወጣ ቀን ጋዜጣውን ገዝታ አልጋ ሥር ደብቃው ነበር፤ እኔ እንዳላይ። እኔ ደግሞ እሷ እንዳታይ ብዬ ሌላ ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ልደታ_ደረጃ፦
ቼክ ከሌለ ትልቁን ገደል አልፈሃል። ስንቅ የሌለው ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ነው የሚያስጠይቀው። እሱ የብድር ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የእስር ጉዳይ ይሆናል። ከዚህ በኋላም ማንም «ለዋስትና ቀን ሳትጽፍ ፈርመህ ስጠኝ» ቢልህ እንዳትሰጥ።

የፋይል_ሴትዮ፦
14 ዓመት ባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ አፌ ተፈቷል።

ወንድሜ፣ ያ ልጅ ስክሪኑ ላይ ያየው የብሔራዊ ባንክን የብድር መረጃ ማዕከል ነው። ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን ሁሉ መረጃ ወደዚያ ያስተላልፋሉ፤ ከማበደራቸው በፊትም እዚያ ያያሉ። ስለዚህ ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ወደ ፒያሳ ባንክ መቀያየር ትርፉ የታክሲ ሂሳብ ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገው ደግሞ አፍሮልህ ነው። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር።

ብድር ክፍያው 90 ቀን ሲያልፍ በእኛ ቋንቋ የተበላሸ ብድር ውስጥ ይገባል። ከዚያ እየቆየ ሲሄድ ደረጃው ይወርዳል፣ ባንኩም በዚያው ልክ ከትርፉ መጠባበቂያ ይይዝበታል። ይህን ለምን እነግርሃለሁ? መደራደሪያህ እዚያ ስላለ ነው። ለባንኩ ያንተ 870 ሺህ ተስፋ የተቆረጠበት ገንዘብ ነው። ከሱ ላይ የሚመለስ ማንኛውም ብር ደስ ያሰኘዋል። ብዙው ሰው ግን ከሐራጅ በኋላ ስልኩን ያጠፋል። ባንኩም ስልኩ የጠፋበትን ሰው ይከሳል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ቅርንጫፍ አትሂድ። ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ብድር ማስመለሻ ክፍል ሂድ። መጀመሪያ የዕዳህን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቅ፤ ዋናው ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ የቅጣት ወለዱ ስንት ነው፣ የሐራጅ ወጪ ስንት ተጻፈብህ። እመነኝ፣ 870 ሺህ ሙሉው ዋና ብድር አይደለም። ከዚያ የቅጣት ወለዱ ይነሳልኝ፣ ቀሪውን በዚህ ጊዜ እከፍላለሁ ብለህ ማመልከቻ አስገባ። ቁጥር ጻፍ። «የምችለውን» አትበል። የምችለውን የሚል ማመልከቻ ኮሚቴ ፊት አይቀርብም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ሲያልቅ ደብዳቤ ትቀበላለህ። ዕዳ የለበትም የሚል፣ ማኅተም ያለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ሽማግሌ ዕዳዬን ዘግቻለሁ ብለው እኔ ጋ መጡ። እውነታቸውን ነው፣ ደረሰኙን በፌስታል ይዘዋል። ሲስተሙ ላይ ግን አሁንም የተበላሸ ይላል። ሲጣራ 1,340 ብር የጋዜጣ ማስታወቂያ ወጪ ቀርቶባቸዋል። ማንም አልነገራቸውም። ለዚያች 1,340 ብር ሁለት ዓመት ብድር ተከልክለዋል። እዚያው ከኪሳቸው አውጥተው ሊከፍሉኝ ፈለጉ፤ እኔ ግን ሌላ ባንክ ነኝ፣ ልቀበል አልችልም። ስለዚህ ደብዳቤውን ከያዝክ ከወር በኋላ መረጃው መስተካከሉን አረጋግጥ። ስህተት ካለ የሚያርመው መረጃውን የላከው ባንክ ነው። ብሔራዊ ባንክ በር ላይ ቆመህ ብትጮህ መልሰው ወደ ባንክህ ነው የሚልኩህ።

ደግሞ ሁሉንም በራስህ አትውሰድ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ተደርጓል፣ ግን ፋይላቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎችም በዚያን ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ኩሽኔታ አይዞህ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ቻፕተር 7 የሚባል የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። የሕክምና ዕዳና ክሬዲት ካርድ ነበር። እዚህ ደመወዝተኛም ፍርድ ቤት ሄዶ ከስሬአለሁ ማለት ይችላል። ዳኛው ይሰርዝልሃል፣ ግን ክሬዲት ሪፖርትህ፣ የብድር ታሪክህ ማለት ነው፣ እሱ ላይ 10 ዓመት ይቀመጣል። ቻፕተር 13 የሚባለው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት እየከፈልክ ነው፣ እሱ 7 ዓመት ነው የሚቆየው።

ስነሳ እንዲህ ነው ያደረግኩት። 300 ዶላር ባንክ አስይዤ 300 ዶላር የሚያበድር ካርድ አወጣሁ። የራሴን ገንዘብ መልሼ መበደር ማለት ነው። ሞኝነት ይመስላል። በየወሩ ቤንዚን ብቻ እቀዳበትና በቀኑ እከፍል ነበር። የብድር ታሪክህን የሚመዝነው የፋይኮ ነጥብ 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈል ነው፤ ካርዱ ትንሽ ይሁን ትልቅ ግድ የለውም። መንግሥት ዋስ የሚሆንለት ኤፍኤችኤ የሚባለው የቤት ብድር ዕዳው ከተሰረዘ 2 ዓመት በኋላ ይፈቀዳል። እኔ በአራተኛው ዓመት ትንሽ ኮንዶ ገዛሁ። በቤተ ክርስቲያን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ መድረክ ላይ ነው የተናገርኩት።

አራዳው፦
አሜሪካ 10 ዓመት ጠብቆ ይረሳልሃል። ሶማሌ ተራ ግን አያትህ የወሰዱትን ዱቤ ያስታውሳል። 😂

የፋይል_ሴትዮ፦
አራዳው አንዳንዴ ቁም ነገር ያመልጠዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትለው ለእሷ አገር ትክክል ነው። ኩሽኔታ ግን ዓመት እየቆጠርክ እንዳትቀመጥ። ያንተን ዕዳ የሰረዘልህ ዳኛ የለም፤ ኮሚቴው የሚጠይቀው «ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም? ማን ዘጋው፣ ተበዳሪው ወይስ ሐራጁ?» ነው። ቀሪውን ራስህ ከከፈልክ ፋይሉ ላይ የሚጻፍልህ ነገር ይለያል። ተከራክሬ አውቃለሁ እንዲህ ላለ ሰው። አንዴ አሸንፌአለሁ፣ ሁለቴ ተሸንፌአለሁ።

ማተሚያ_ቤት፦
እኔ አራት ኪሎ ማተሚያ ነበረኝ። ተመሳሳይ ታሪክ ነው፣ አላሰለችም። የተነሳሁት በሊዝ ነው። መሣሪያ ኪራይ ማለት ነው። ልማት ባንክ ይሰጣል፣ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶችም አሉ። አንተ 20 በመቶ ታዋጣለህ፣ ቀሪውን እነሱ ከፍለው ማሽኑን ይገዙታል። ከፍለህ እስክትጨርስ ማሽኑ የእነሱ ስለሆነ ቤት አይጠይቁህም። ግን ለንግድ ዕቃ አይሆንም። ኩሽኔታ ደርድሮ ለመሸጥ ማንም ሊዝ አይሰጥህም። ፍሪሲዮን የሚጠግን ወይም የፍሬን ሸራ የሚለጥፍ ማሽን ካሰብክ ያኔ ነው። እነሱም ፋይልህን ያያሉ፣ ስለዚህ የፋይል ሴትዮዋ ያለችውን ሳትጨርስ እንዳትደክም።

አውቶቡስ_ተራ፦
ከወለድ ነፃ መስኮትም አለ። ሙራባሃ በለው። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ይገዛና ትርፉን ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ጥሬ ብር እጅህ ላይ አይገባም። አንዴ ለተሰበረ ሰው ይህ ጥሩ ነው፣ ብር እጅ ላይ ሲገባ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁና። ግን መያዣ እዚህም ይጠየቃል። ሃይማኖት ዋስ አይሆንም ይሉሃል። 😄

ልደታ_ደረጃ፦
መያዣን በተመለከተ፣ ቤት ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 በሚንቀሳቀስ ንብረት መበደርን ፈቅዷል። መኪና፣ ማሽን፣ መጋዘን ያለ ዕቃ፣ ሰው ያለበት ተሰብሳቢ ሂሳብ ሳይቀር። የሚመዘገብበት መዝገብ ብሔራዊ ባንክ ነው። ባንኮቻችን ግን አሁንም የቤት ካርታ ሲያዩ ነው ፊታቸው የሚፈታው።

ኩሽኔታ፦
ቴሌብርስ? እንደኪሴና መላ የሚሏቸው የስልክ ብድሮች?

የፋይል_ሴትዮ፦
በ2014 ከዳሸን ባንክ ጋር ሲጀመር እኛም ባንክ ውስጥ ሆነን ስቀን ነበር፣ አሁን አልስቅም። በእንቅስቃሴህ ነው የሚመዝንህ፤ ብር ስትልክ፣ ስትቀበል፣ ስትከፍል። የሚሰጥህ ግን ለ600 ሺህ ጥማት ጠብታ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ለዕለት ጉድለት ይሆናል። መደርደሪያ አይሞላም። በሱ ዕዳ ሌላ ዕዳ እንዳትከፍል ብቻ።

ሌላው፣ ሽያጭህን ሁሉ ባንክ አስገባ። 3 ሺህም ብትሆን። መርካቶ ሰው ብሩን በፌስታል ይዞ ይዞርና ብድር ሲፈልግ ስቴትመንቱ ላይ ምንም የለም። ብዙ ገንዘብ ያላቸውን ድሆች በዓይኔ አይቻለሁ።

የዕቁብ_ዳኛ፦
ልጄ፣ እኔ ጎጃም በረንዳ አካባቢ የዕቁብ ዳኛ ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ባንኩን እነሱ ነግረውሃል። እኔ የምነግርህ ሌላ ነው። የቀን ዕቁብ ግባ። ትልቅ አትግባ። ከሰረ የተባለ ሰው ዕቁብ ሊገባ ሲመጣ እኔ ምን እንደማደርግ ልንገርህ። አልከለክለውም። ግን ዕጣው ቀድሞ ቢወጣለትም መጨረሻ አካባቢ ውሰድ እለዋለሁ። መጨረሻ የሚወስድ ሰው አበዳሪ ነው፣ መጀመሪያ የሚወስድ ተበዳሪ ነው። አንድ ዙር እንደዚያ ከጣለ ሁለተኛው ላይ ዋስ ጠርቶ መሃል ይወስዳል። ሦስተኛው ላይ ማንም ስለ ኪሳራው አያነሳም።

ዱቤ ያለብህ የሰፈር ሰው ካለ ደግሞ እሱን ከባንኩ አስቀድም። ባንክ ልቅሶ አይደርስህም።

ልደታ_ደረጃ፦
እማማ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ባንኩን ማስቀደም ያለበት ይመስለኛል። ወለድ የሚቆጥረው ባንኩ ነው። ክስ የሚመሠርተውም እሱ ነው።

የዕቁብ_ዳኛ፦
አንተ ጠበቃ ነህ፣ ልክ ነህ። ግን ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው ጠበቃ አይደለም።

ኩሽኔታ፦
(ከ7 ወር በኋላ)

እንዴት ሰነበታችሁ። ጠፋሁ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ማስመለሻ ክፍል ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቀን በሩ ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ አልዋሽም። በሁለተኛው ገባሁ። ዝርዝሩ ሲወጣ ከ870 ሺህ ውስጥ 260 ሺህው የቅጣት ወለድ ነበር። የፋይል ሴትዮ፣ እግዜር ይስጥሽ። ቁጥር ጻፍኩ። በስድስት ወር ከፍዬ እጨርሳለሁ፣ ቅጣቱ ይነሳልኝ አልኩ። ሁለት ወር ፈጀ መልሱ። ቅጣቱን ሙሉ አላነሱም፣ አብዛኛውን አነሱ። ብሩን ከየት አመጣህ ትሉ ይሆናል። ባለቤቴ የእናቷን ወርቅ ሸጠች፤ ወንድሜ መኪናውን አስይዞ ከመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበደረልኝ። ለወንድሜ በየወሩ ኮሚሽኔ ሲገባ እከፍላለሁ። ለባለቤቴ ምን እንደምከፍል አላውቅም።

እማማንም ሰማሁ። የባንኩን ሳልጨርስ ለአንድ ጅምላ አከፋፋይ የነበረብኝን 45 ሺህ ከፈልኩ። ጠበቃው አትቆጣ። ሰውየው መጀመሪያ ሲያየኝ ሌላ ዱቤ ልጠይቅ የመጣሁ መስሎት «ዛሬ ዕቃ የለም» አለኝ፤ ከኋላው መደርደሪያው ጢም ብሎ እያየሁት። ብሩን ስቆጥርለት ዝም አለ። ደብተሩን አወጣ፤ ያ ጠርዙ በዘይት የጠቆረ ደብተር። ስሜን ፈልጎ አገኘ። መስመር አሰመረበት። ከዚያ መስመሩ ላይ ሌላ መስመር አሰመረ፣ በደንብ እንዲታይ ይመስለኛል። ልወጣ ስል «ሁለት ካርቶን ኩሽኔታ ውሰድ፣ በ15 ቀን» አለኝ። በ11ኛው ቀን ከፈልኩት። አሁን አምስት ካርቶን በወር ላይ ነን።

ደብዳቤው ከወጣ አምስት ሳምንት ሆነው። ትናንት ያው ሜክሲኮ ያለው ባንክ ሄድኩ። ያው ልጅ። ቲን አስገባ። ዕዳው ተዘግቷል ይላል፣ የድሮው ታሪክ ግን አለ። «ጋሼ፣ የስድስት ወር እንቅስቃሴ ያሳዩንና እንነጋገር» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

የፋይል_ሴትዮ፦
ስድስት ወር ካለህ ዘጠኝ አድርገው። መጀመሪያ ላይ ደግሞ 600 አትጠይቅ። 200 ጠይቅና በጊዜው መልስ። የወንድምህን ክፍያ ደግሞ በባንክ አስተላልፍ፣ በእጅ አትስጥ። እሱም ስቴትመንት ላይ ይታያል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ጋዜጣውን የደበቀችው ባለቤትህ አሁን እንዴት ናት?

ኩሽኔታ፦
ደህና ናት። ሁለቱንም ጋዜጦች ባለፈው ሳምንት ለመደርደሪያው ምንጣፍ አደረገቻቸው። ሐራጁ ያለበትን ገጽ ወደ ታች አድርጋ።

አራዳው፦
ጋሼ ኩሽኔታ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ለቪትዝ የፊት ጎማ ኩሽኔታ አለህ? ደመወዝ ሲወጣ እከፍልሃለሁ።

ኩሽኔታ፦
አለኝ። ኦሪጅናል ነው። በካሽ።